ሁሉም ሥራውን የጨረሰበት ኩሬ

ፕሮፌሰር ሞፋዘል ሰርካርን ሳትኪራ ከተማ አጠገብ ባለው የጀልባ መሻገሪያ በድንገት አገኘኋቸው። ከእህታቸው ልጅ ሠርግ እየተመለሱ ነበር። እኔና እሳቸው ኩልና ከተማ ስለ መሥሪያ ቤቶች አሠራር ስናስተምር ሃያ ዓመት ሆኖናል። አብራኝ የነበረችው ረህኑማ፣ በዚያው አካባቢ የመጠጥ ውሃው ጨው የሆነበትን መንደር የምታጠናው፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ስለሆነች፣ ገና እንደተያዩ የተለመደው ክርክር ተጀመረ።

«ሦስት ዓመት አንድ መንደር ተቀምጠሽ አንዲት ጽሑፍ አላወጣሽም» አሏት። «የጨው ውሃ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። የእኛ ሥራ መሥሪያ ቤት ማጥናት ነው። እኔ ስለ መንደር የውሃ ኮሚቴዎች ለአራት መቶ ኃላፊዎች መጠይቅ ልኬ በስድስት ወር ጨርሻለሁ።»

«እኔም የማጠናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ፕሮፌሰር» አለች፣ ትዕግሥቷ እንዳለቀ እያስታወቀባት። «ግን ከችግሩ ነው የምጀምረው። ችግሩ የአንድ ቢሮ ስላልሆነ አንድ ቢሮ ጠይቄ አላገኘውም።»

እሳቸው ይህ ጋዜጠኝነት ነው አሉ። እሷም መለሰች። ይህን ሁሉ በመምህራን ክፍል ሰምቼ ሰልችቶኝ ስለነበር፣ መንደሩ ቅርብ ነውና ሄደው ይዩት ብዬ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ተከተሉን።

የመንደሩን ኩሬ ውሃ በአሸዋ የሚያጣራው ግንብ እንደቆመ ነው፤ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው። ሸፋሊ ኻቱን የምትባል የሦስት ልጆች እናት የአንድ ሰዓት መንገድ ሄዳ የቀዳችውን እንስራ አወረደች። ፕሮፌሰሩ የመንደሩን ስም ሲሰሙ ደነገጡ፤ በጥናታቸው በውሃ ኮሚቴው አንደኛ የወጣው መንደር ይኸው ነበር። ኮሚቴው የት እንዳለ ጠየቋት።

«አንድ ቀን ተሰብስቧል፣ ቻቻ» አለች፤ በነሱ ቋንቋ አጎት ማለቷ ነው። «ፎቶ የተነሣ ዕለት። እኔም አባል ነኝ አሉ። የጠየቀኝ ግን የለም።»

«ማንም አልዋሸዎትም» አለች ረህኑማ። «የገነባው ቢሮ ገንብቷል፣ ኮሚቴውን ያሠለጠነው ድርጅት አሠልጥኗል፣ የቀበሌው ምክር ቤት ተረክቧል። ሁሉም ሥራውን ጨርሷል። ካልታጠበ የሚደፈነውን አሸዋ በየወሩ ማጠብ የማን ሥራ እንደሆነ ስጠይቅ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። የማንም አልነበረም።»

ፕሮፌሰሩ አልተሸነፉም። አንድ መንደር ምን ያረጋግጣል አሏት።

«ብቻውን ምንም። ለዚህ ነው የእርስዎ አራት መቶ የሚያስፈልገኝ። እዚህ ያየሁት ክፍተት ሌላም ቦታ መኖሩን መጠይቅዎ ያሳያል፤ የሚገባውን ከጠየቀ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ግንቡ ሄደው ደረቁን ቧንቧ ከፈቱ። ከዚያ ወደ ሸፋሊ ዞረው ምን መጠየቅ እንደነበረባቸው ጠየቋት።

«ዛሬ ውሃ ከየት ቀዳሽ ይበሉ» አለች። «ቢሮውን አይደለም፤ እኛን ይጠይቁ።»

ፕሮፌሰሩ መንደሩ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። አዲሱን መጠይቅ ከመንደሩ ሴቶች ጋር አዘጋጁ፤ የውሃ መሐንዲስም ጨመሩ። የሦስቱን ቢሮዎች ሰዎች ኩሬው ዳር አስቀምጠው አሸዋውን ማን ያቀርባል፣ ማን ያጥባል የሚለውን አስወሰኑ። ዛሬ ቧንቧው በዓመት ስምንት ወር ንጹሕ ውሃ ይሰጣል፤ የልጆቹም ተቅማጥ ቀንሷል። በበጋ ኩሬው ጨው ሲሆን አሁንም ችግር አለ፤ እሱንም በጥናቱ ሳይሸሽጉ ጻፉት። ትልቅ ችግር በአንድ ሙያና በአንድ ወቅት አይፈታም። የሚያጠናው ሰው ችግሩ ካለበት መቆየት፣ ቢሮዎቹንም ጎን ለጎን ማየት አለበት።

ጽሑፉ በፕሮፌሰሩ፣ በረህኑማና በሸፋሊ ስም ለአንድ የጥናት መጽሔት ተላከ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሦስተኛዋ ጸሐፊ፣ ሸፋሊ፣ የየትኛው ተቋም ባልደረባ እንደሆነች ጠየቀ። ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን አንብበው በንዴት ተነፈሱና መለሱ፦ «የየትኛውም አይደለችም። ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ችግሩን የሚያውቀው ሰው ያለው ከቢሮዎቹ ውጭ ነው።»