አባ አብዱሽኩርና የውሃው ሣር

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ በዓረብ አገር፣ ኾበር ከተማ ራካ ሰፈር ውስጥ፣ የጌጥ ዓሣ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ የአማርኛ ክርክር ሰማሁ። እኔ ኾበር ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ የአገሬን ቋንቋ ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ቀርቤ ሰላምታ ሰጠሁ።

ሽማግሌው አባ አብዱሽኩር ይባላሉ፤ የወሎ ሐይቅ ሰው ናቸው፤ ዳማም አል ሙሐመዲያ ሰፈር በአንድ ቤት አትክልተኛ። በእጃቸው አንድ ጀሪካን በረኪና ይዘዋል። ወጣቷ ራውዳ የዚያው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ደሴ ባዮሎጂ ተምራለች። እሷ ደግሞ ውሃ በሞላ ላስቲክ ውስጥ ለምለም ሣር ይዛለች።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ ሽማግሌው። «የአሠሪያችንን የማዳምን ኩሬ በየሳምንቱ በበረኪና ፈትጌ እንደ መስተዋት አደርገዋለሁ። ዓሣዎቹ ግን ሁለት ጊዜ አለቁ። ማዳም ሦስተኛ ጊዜ ከሞቱ ኹሩጅ ብላኛለች፤ ወደ አገሬ ልትሸኘኝ ነው። ይቺ ልጅ ደግሞ አረም ይጨምሩበት ትለኛለች!»

«አባቴ፣ የጨረሳቸው እኮ ፍተጋው ነው» አለች ራውዳ በትሕትና። «በረኪናው ይመርዛቸዋል። የዳማም ፀሐይ ውሃውን ያሞቀዋል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ አየር አይዝም። ይህ ሣር ብርሃን ሲያገኝ በውሃው ውስጥ አየር ያወጣል፤ ከዓሣው እዳሪ የሚመጣውንም መርዝ እየመጠጠ ያድግበታል።»

«እምቦጭስ? ጣናን ያስጨነቀው አየር አውጥቶ ነው?»

ጥያቄው ብርቱ ነበር፤ እኔም መልሷን ለመስማት ጓጓሁ።

«እውነትዎን ነው። እምቦጭ ከሌላ አገር የመጣ ወራሪ ነው፤ የውሃውን ፊት ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል። ለዚህ ነው እኛም ሣራችንን እያሳሳን ከኩሬው ግማሽ እንዳያልፍ የምንጠብቀው። ለመሆኑ አባቴ፣ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥሉት የት ነበር?»

«ውሃው ዳር ከሚበቅለው ከፊላው ሥር ነዋ! ቆሮሶ ዓሣ የሚሸሸገው፣ የሚራባው እዚያ…» ብለው ላስቲኩ ውስጥ ያለውን ሣር አዩ። ከዚያም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሱብሃነላህ! የማውቀውን ነው የምትነግሪኝ። አላህ ለዓሣ የሠራለትን ቤት እኔ በየሳምንቱ ሳፈርስ ኖሬያለሁ!»

ሰው ያደገበትን ዕውቀት በባዕድ አገር ቢዘነጋ አይፈረድበትም፤ የሚያስታውሰው ማግኘቱ ግን ዕድል ነው። በመኪናዬ ማዳም ቤት አደረስኳቸው። አባ አብዱሽኩር እጅጌያቸውን ሰብስበው ሣሩን በገዛ እጃቸው ተከሉ፤ ዳር ዳሩን ጥላ የሚሰጥ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክልም ጨመሩበት። ውሃው ከረጋ በኋላ አዳዲስ ዓሣዎች ገቡ።

ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ስልኬ ጮኸ። «ፈጥነው ይምጡ፤ ወልደዋል!» አሉኝ አባ አብዱሽኩር።

ስደርስ የማዳም ትንሿ ልጅ ኩሬው ዳር በደረቷ ተኝታ፣ በሣሩ መካከል እንደ መርፌ የቀጠኑትን ጫጩት ዓሣዎች እየጠቆመች ትጮሃለች። ማዳምም እየሳቀች «ኸላስ፣ ማፊ ኹሩጅ!» አለቻቸው፤ በቃ፣ መሸኘት የለም ማለቷ ነው። ውሃው ሳይፈተግ ጠርቷል፤ ዓሣዎቹ የትንኙን እጭ ስለሚለቅሙ የግቢው ትንኝ ቀንሷል፤ የሽማግሌውም ወገብ አርፏል።

የጎረቤት አትክልተኛው ያሲር በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «አባ፣ ይህን ጥበብ ከየት አመጡት?» ብሎ ጠየቃቸው።

አባ አብዱሽኩር ወደ ራውዳ ዞሩ። «ና ግባ፣ ልጄ» አሉት። «መምህራችን እዚህ ናት። መጀመሪያ ግን ለሷ ወንበር አምጣላት።»