የብረቱ ጥሩር ስለቀለጠበትና ስክሪን ስለወደቀበት ቀን

የምስክሩ ስም፦ ናስር ሙሰዓብ
ዕድሜ፦ 24
አድራሻ፦ ሀርጌሳ፣ ዳሚ
ሥራ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያለው፤ ለጊዜው በኢንተርኔት ቤት ተቀጣሪ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2009፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ኸሊፋ
አስተርጓሚና ጸሐፊ፦ ሀሲና

«ሁለት ጢም ያወጡ ሰዎች ለኮምፒውተር ጨዋታ ብለው እንዴት ይጣላሉ?» ብለው ሳጅን ስለጠየቁኝ ቃሌን ከዚያ እጀምራለሁ። ተከሳሹ ዘይኑ፣ ከሳሹ ኤልሚ እና እኔ ለአንድ ዓመት ከስምንት ወር ያህል አንድ ሰው ሆነን ስንዋጋ ነበር። ይህ ካልተነገረ የማክሰኞው ነገር አይገባም።

የምሠራው 26 ጁን ሰፈር፣ ዱዓሌ በሚባሉ ሰው ኢንተርኔት ቤት ነው። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲያርፍ ቢሮዎቹም ስለሚዘጉ መስመሩ ይፈጥናል። እኛ የምንገናኘው በዚያ ሰዓት ነው። ዘይኑ ከኢትዮጵያ የመጣ ብሎኬት ሠራተኛ ነው። በጦርነቱ በፈረሰው ቦታ ሁሉ አዲስ ቤት የሚቆምበት ጊዜ ስለነበር ሥራ አያጣም፤ ሲመጣ ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ሲሚንቶ አለ። ዱዓሌ ከበርሜሉ ውሃ ታጥቦ ካልሆነ አያስገቡትም።

ጨዋታውን መሸከም የሚችለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ በመሆኑ ለሦስት የምንጫወተው አንድ ተዋጊ ነበረን፤ ስሙን ብረቱ አልነው። የጨዋታውን መዝገብ በስሙ የከፈተው ኤልሚ በኪቦርዱ ያራምደዋል። ዘይኑ በማውሱ ሰይፍ ይመዛል። እኔ መሀል ተቀምጬ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ኤልሚ በጦርነቱ ጊዜ ተሰዶ ልጅነቱን ጅግጅጋ ስላሳለፈ አማርኛ ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ይህ ኋላ አስፈላጊ ስለሚሆን ይመዝገብልኝ።

ለብረቱ የደረት ጥሩር ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀብን። ያገኘን ቀን ኤልሚ ተነሥቶ የዘይኑን ግንባር ሳመና «ወላሂ ይሄ እጅ ብሎኬት ብቻ አይደለም የሚሠራው!» አለ። ዘይኑም «አንተ እግር ብቻ ነህ፣ ዝም በል» አለው። ዱዓሌ ከእንቅልፋቸው ደንግጠው ነቁና እሳት የተነሣ መስሏቸው ባልዲ ይዘው መጡ። ሥራ ፍለጋ ሲቪዬን ይዤ ከቢሮ ቢሮ የምዞርበት ዘመን ነው፤ ደግ ዘመን ነበር ብዬ የማስበው ግን ሦስታችን በምንቀመጥባት ወንበር ምክንያት ነው።

እሑድ ማርች 8 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ የጨዋታው ድርጅት ስለ መጪ ለውጦች ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። የጥሩራችን ጉልበት ከ84 ወደ 51 ይወርዳል፤ ጽናቱ በጥቂቱ ይጨምራል። አሁን ቢቀልጥ ለአዲስ ሰይፍ የሚሆን ስድስት ሰማያዊ ብረት ይሰጣል፤ ከለውጡ በኋላ ግን ሁለት ብቻ። ቀድሜ ለማሳወቅ ቸኩዬ የመጀመሪያውን ገጽ በአማርኛ ጽፌ ከኮምፒውተሩ በላይ ለጠፍኩ። ሁለተኛውን ገጽ አይቼዋለሁ፤ እንደ ደብዳቤ ማሳረጊያ ቆጥሬ አልጻፍኩትም። በሁለተኛው ገጽ ላይ የተጻፈው ግን ለውጡ ገና ለሙከራ የቀረበ ሐሳብ እንደሆነና ሊቀር እንደሚችል ነበር።

ማክሰኞ ማርች 10 ቀን ዘይኑ ከ7 ሰዓት ቀደም ብሎ ደረሰ። ወረቀቱን ጣቱን እያስኬደ ሁለት ጊዜ አነበበ። «እርግጠኛ ነህ ናስሮ?» አለኝ። «ዲግሪዬን ምን ልሥራበት ታዲያ?» አልኩት። ሳቀና ጥሩሩን አቀለጠ። ኤልሚን እንጠብቅ አላለም፤ እኔም አላልኩም። በአዲሱ ሰይፍ ሊያስደንቀው ፈልጎ ነበር።

ኤልሚ 7፡40 ገባ። «ብረቱ ለምን ራቁቱን ቆመ?» አለ።

«አትጩህ አቦ፣ ወረቀቱን እየው» አለው ዘይኑ።

«የማልችለውን ፊደል እያሳየህ ትቀልድብኛለህ?»

ከዚህ በኋላ ኤልሚ ማውሱን ከዘይኑ እጅ ሊነጥቅ ሳበው፤ ዘይኑም አልለቅም ብሎ ሳበ። ገመዱ በስክሪኑ እግር ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ስክሪኑ ተጎትቶ ወደቀ። ኤልሚ ወረወረብኝ ብሎ ከሷል፤ ዘይኑ ግን አንሥቶ አልወረወረውም። ገመዱን የጠመጠምኩት ጠረጴዛው ጠበበኝ ብዬ እኔ ነኝ። ኤልሚ ግን ዓይኑ ብረቱ ላይ ስለነበር የተወረወረ መስሎት ይሆናል፤ ዋሸ ብዬ ልመሰክርበት አልችልም።

ማክሰኞ ዕለት ፖሊስ ሲጠይቀኝ «አላየሁም» ያልኩት ውሸት ነው። ሐሙስ ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ፤ ስሜ ከጣቢያ ጋር እንዳይነሣ ፈርቼ ነው። ዘይኑ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ጥፋተኛ ከተባለ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ አገሩ እንደሚሸኝ ትናንት ማታ ሲነገረኝ፣ ሥራውን ባገኘው እንኳ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደምቀመጥ አላውቅም አልኩ። ዛሬ ሳልጠራ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁትና በእጄ ያደረግሁት ነው። ሀሲና በአማርኛ መልሳ አንብባልኝ፣ የሚጨመርም የሚቀነስም የለውም ብያለሁ። ሐሰት ቢገኝበት ልጠየቅበት ፈቅጃለሁ።

ሳጅን ይህን ቃል በሶማልኛ ለኤልሚ እንዲያስነብቡለት እለምናለሁ። ማስታወቂያውን አምኖ ዕቃ ያቀለጠ ሰው፣ የመዝገቡ ባለቤት እስከ ቅዳሜ ከጠየቀ ዕቃው ይመለስለታል ይላል ሁለተኛው ገጽ። ባለቤቱ ኤልሚ ነው። የጥያቄውን እንግሊዝኛ እኔ እጽፋለሁ፤ ምን እንደተደረገ የሚናገረው ግን ዘይኑ ስለሆነ ከዚህ ጣቢያ እስር መውጣት አለበት። ወላል፣ ወንድሜ ኤልሚ፣ ስክሪኑ አልተወረወረም። ከዘይኑ ጋር ታርቀህ ትቀመጣለህ ወይስ አትቀመጥም? እባክህ ከዚህ በታች መልስልን።

የምስክሩ ፊርማ፦ ናስር ሙሰዓብ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ኸሊፋ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ሀሲና

የኤልሚ መልስ፦ ........................................