የአማካሪው ካዝና

ወደ ጎዳይፍ ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ሁለት ጎልማሶች ተቀምጠዋል። አንደኛው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል።

«የገንዘብ አማካሪዬ ጉድ ሠራኝ፣ ሓወይ።»

«ምን አደረገህ፣ ወንድሜ?»

«ከጋብቻዬ በፊት የወለድኳት፣ ሚስቴ የማታውቃት ልጅ አለችኝ። ኢንሹራንሴ ላይ ወራሽ ብዬ ስሟን አስጻፍኩ። ወረቀቱን ካዝና ውስጥ ቆለፈው፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።»

«ታዲያ እንዴት ወጣ?»

«ኢንሹራንስ ቢሮው ወረቀቱ በአማርኛ ይሁን አለ። አማካሪው አማርኛ አይችልም፤ ኮምቢሽታቶ ጎዳና በረንዳ ላይ በታይፕ ለሚጽፈው ተርጓሚ ሰጠው።»

«ተርጓሚው አወራ?»

«ኣይፋል፣ አላወራም! ስህተት እንዳይኖር ጮክ ብሎ አነበበው እንጂ። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ የሚስቴ ወንድም ነበር።»

«አማካሪው ምን አለ?»

«‹ካዝናዬን ማንም አልነካውም› ይላል። እውነቱን ነው፤ በማን ልቆጣ?»

«ሚስትህስ?»

«ዛሬ ምሳ ላይ አንድ ሰሃን ጨመረች። ‹ለማን ነው?› ስላት ‹ለልጅህ› አለችኝ።»

«ይቅርታ ነው ወይስ ቁጣ?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጅቷን ላምጣት ወይስ ከቤት ልጥፋ?»

«መጀመሪያ ድምፅህን ቀንስ፤ አውቶቡሱ ሁሉ ሰማህ።»

ነገ በዚያው ተርጓሚ በታይፕ ላስመታው የጻፍኩት ኑዛዜ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበርና፣ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።