ቀንድ አውጣዋ የሳተችው መንገድ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀይ እስክርቢቶ» የሚላቸው ጡረተኛ መምህር የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት በር ላይ የደረሱት ከመውጫው አንድ ሰዓት ቀድመው ነበር። ቅጽል ስሙን እንዲያው አላገኙትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ፊደል የሳተ ተማሪ ገጹን በሙሉ እንደገና እንዲጽፍ ሲያደርጉ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ሕጉ ለሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ተረፈ።

በሩ ላይ አንዲት ወጣት ካርቶን ታቅፋ ቆማለች። የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ፊደል ያስቆጠሯትም እሳቸው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ዛሬስ በጊዜ መጡ።»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ አስተማሪዋ አስጠርታኝ ነው። ልጅቷ የፈተና ወረቀቷን ባዶውን ትመልሳለች አሉ። ቤት በቃል ስጠይቃት አንድ አይቀራትም! በሚመጣው ሳምንትም ባዶ ከመለሰች ክፍል መድገሟ ነው። ጨርሶ ግራ ገባኝ።»

«ቤት ስትጽፍ ከተሳሳተችስ ምን ያደርጓታል?»

«ገጹን አስደግማታለሁ እንጂ ልሸልማት ኖሯል? ይልቅ አንቺ ይሄን ካርቶን ተሸክመሽ ወዴት ነው?»

«ጓደኞቼና እኔ የሠራነውን ጨዋታ በልጆች ልሞክር ነው። ለኮምፒውተር በቅደም ተከተል ትዕዛዝ መስጠትን፣ ኮድ መጻፍን ያለማምዳል። ከስድስቱ ሞካሪዎች አንዷ የልጅ ልጅዎ ናት፤ እናቷ ፈርማላታለች።»

«ፈተና አፍንጫዋ ሥር ቆሞ ጨዋታ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ!»

«ገብተው ይዩትና ይፍረዱ። ግን አደራ፣ ምንም ቢያዩ እንዳይናገሩ። ዝም አይነቅዝም ይሉን አልነበር?»

ዝም በል መባል ለመምህር ቀላል አይደለም። ቢሆንም አስተማሪዋ ከክፍል እስክትወጣ ጊዜ ነበራቸው፤ ጉጉታቸው አሸነፋቸውና ተከተሏት።

ስድስቱ ልጆች ከካርቶኑ የወጡትን ታብሌቶች ይዘው በትንንሽ ወንበሮች ተቀመጡ። በየታብሌቱ መስታወት ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ አለች። ልጆቹ «ሂጂ»፣ «ዙሪ»፣ «ድገሚ» የሚሉ ሥዕሎችን ሲደረድሩላት የታዘዘችውን ትፈጽማለች፤ ባለፈችበትም ባለቀለም መስመር ትተዋለች። ያሻው ቤት፣ ያሻው ኮከብ ይሠራል።

አንዱ ልጅ ቤት ልሥራ ብሎ ቀንድ አውጣዋን የገዛ ግድግዳውን አስበረቀሳት። ወጣቷ አየችው፤ ምንም ሳትል ደብተሯ ላይ ጻፈች። መምህሩ ሁለቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስተኛው ላይ አልቻሉም፤ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሲሳሳት እያየሽ ዝም?»

«ከነገርኩት ጨዋታው ይገባው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ምን ትጽፊያለሽ?»

«የራሴን ስህተት። ይኸው፣ ከስድስቱ አራቱ ‹ዙሪ› የሚለው ላይ ተሰናከሉ። ዞራ የምትራመድ መስሏቸው ነው፤ እሷ ግን ባለችበት ብቻ ነው የምትዞረው። የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሥዕሉን እቀይረዋለሁ።»

«በእኔ ጊዜ አርባ ልጅ አንድ ቦታ ቢሳሳት፣ አርባውም ይደግም ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ፤ ከአርባዎቹ አንዷ ነበርኩ። አርባ ልጅ አንድ ቦታ ከተደናቀፈ ድንጋዩን ያስቀመጠው ማነው ብዬ መጠየቅ ግን እፈራ ነበር።»

መምህሩ እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ስህተት ያልቆጠቆጠው ልጅ ሰነፍ ይሆናል!» አሉ።

«ይቆጥቁጠው፣ ግድ የለም። ነገር ግን ገጹን በሙሉ የሚደግም ልጅ የቱ ጋ እንደሳተ አይፈልግም። የሚማረው አለመጻፍን ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ስህተት አይገኝማ!»

ባዶ ወረቀት የሚለው ነገር የመምህሩን ልብ ወጋው። ዞር ብለው የልጅ ልጃቸውን ፈለጉ።

ኮከብ እየሠራች ነበር። አራቱን ጫፍ አሳክታ አምስተኛው ላይ ቀንድ አውጣዋ ወደ ውጭ ወጣችባት። ወዲያው «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ተጫነችና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና አምስተኛው ላይ ሳተች፤ እንደገና ሁሉንም አጠፋች። መምህሩ የገዛ ሕጋቸውን በዓይናቸው አዩት፤ አፈሩም።

አጠገቧ ያለችው ልጅ ሰልችቷት «አንዷን ብቻ ቀይሪያት እኮ!» አለቻት።

ልጅቷ ጣቷን አየር ላይ አቁማ አመነታች። ከዚያ አንዷን ሥዕል አንስታ በሌላ ተካች። ኮከቡ ገጠመ። «ገጠመ!» ብላ ስትጮህ አያቷን አየቻቸውና ታብሌቱን ከጀርባዋ ሸሸገች።

«አትደብቂው የኔ ልጅ፤ እስኪ ለእኔም አሳዪኝ» አሉና በዚያች ትንሽ ወንበር እንደምንም ተቀመጡ። ቀንድ አውጣዋን ቤት አሠራለሁ ብለው ጥግ ላይ ወተፏት። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩም ደንግጠው ጣታቸውን ወደ ማጥፊያው ሲሰዱ፣ ትንሿ እጅ ያዘቻቸው።

«አባባ፣ ሁሉንም አታጥፋ። የቱ ጋ እንደሳትክ አብረን እንይ።»

ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ይህችን ቃል ለአንድም ልጅ አልተናገሩም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረም ማለት የሳቱትን ነጥሎ ማቃናት እንጂ የደከሙበትን ሁሉ ማፍረስ እንዳልሆነ ለሰፈሩ ወላጅ ሁሉ የሚመክሩት እሳቸው ሆኑ። ሳይፈራ የሞከረ ልጅ ያወቀውን ያሳያል፤ ያላወቀውንም ይጠይቃል ይላሉ።

የልጅቷ ፈተና ሲመለስ ሙሉውን ሠርታው ነበር፤ ከአሥሩ ሦስቱን ስታለች። ወረቀቱን ለአያቷ ሰጥታ፣ ደብተሯን ዘረጋችና አንገቷን ደፍታ ጠየቀች።

«አባባ፣ ከመጀመሪያው ልድገመው?»

«ሦስቱን ብቻ» አሉ መምህሩ፤ ቀዩን እስክርቢቶ ኪሳቸው ከትተው እርሳስ አነሱ። «ነይ፣ የቱ ጋ እንደሳትን እንይ።»