እናቴ ባሕሩ ዳር የቆመች ዕለት

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከታከመች በኋላ «የእኔ መንገድ አበቃ» ብላ ከተሽከርካሪ ወንበር አልነሣም አለች። አንድ ጠዋት አየር እንድትቀበል ብዬ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ወሰድኋት። ሣሩ ላይ አንዲት አስተማሪ ሴቶች ሰብስባ፣ ዐይናቸውን አስጨፍና አተነፋፈስ ታስተምራለች። በዕብራይስጥ «ኃይላችን ከነሻማ ነው!» ስትል እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ነሻማ ያለችው ነፍስን ነው?»

«አዎ እማዬ፤ ጉልበት ከነፍስ ነው የሚመጣ ትላለች።»

እናቴ ከወንበሯ ቀና አለች። «እንዲያ ከሆነማ ከጎንደር እዚህ ድረስ ያመጣችኝ ነፍሴ መች ደከማት? በይ ያዥኝ!»

እጄን ጨብጣ ብድግ አለች። አንድ እግሯን አነሣች፤ ሌላውን አስከተለች። እኔ እንባዬ ቀደመኝ፤ እሷ ግን እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹም ዐይናቸውን ገልጠው ሲያዩዋት፣ እልል ማለት ባይችሉም እንደ አቅማቸው እየጮኹ አጀቧት።