ሃሉንዳ ለሽምግልና የሄድን ቀን

የእህቴ ልጅ ዮናስ በጥቅምት ሊያገባ ነውና፣ እኔና አቶ ግርማ የልጅቷን አባት ልንጠይቅ እዚሁ ስዊድን ሃሉንዳ ወደሚባል ሰፈር ሄድን። አባትየው ጋሽ ታደሰ በሩን ከፈቱልንና ተከትለናቸው ወደ ወጥ ቤት ገባን። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃው ተዘግቶ ጨልሟል። ጠረጴዛው ላይ የጋዝ እሳት ይነዳል፤ አጠገቡ ባዶ የጥይት ቀለሃ ተደርድሯል።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ግርማ፣ እንደ ወጉ።

"ቁሙ። መብራቱን ብቻ እንዳታበሩት፤ የናሱ መልክ ሲለወጥ ማየት አለብኝ።" አንዱን ቀለሃ ከታች ይዘው አንገቱን እሳቱ ላይ አሽከረከሩና ውሃ ውስጥ ጣሉት። ቸስ አለ።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ደጋግሞ ሲተኮስ አንገቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንዲህ ሲለሰልስ ግን እንደገና ባሩድ ይሞላል።"

አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጃቸውን ሄርሜላን ለዮናስ እንዲሰጡን ለመኑ። ጋሽ ታደሰ ቀና አላሉም።

"ልጁ አውሬ ያድናል?"

"ኧረ የለም፣ የጥርስ ሐኪም ነው።"

"እኔም አላድንም። ጠመንጃውም ቀለሃውም የሄርሜላ ነው፤ እኔ ታዝዤ ነው። እሷን ጠይቁ።"

ዞር ስንል ሄርሜላ በሩ ላይ ቆማለች። አማርኛችንን ሰምታ በስዊድንኛ መለሰች፤ ዮናስን እሺ ብላዋለች፣ ሠርጉ ግን ጥቅምት ላይ አይሆንም፤ ያኔ ጫካ ገብታ ኤልይ የሚሉትን ቀንዳም አውሬ ታድናለች።

ስዊድንኛ የማይሰሙት አቶ ግርማ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። "ምን አለች?"

"ጥር ይሻላል አለች።"

"ጨዋ ልጅ!" አሉና ተቀመጡ።