ወደ መሻገሪያው የዞረው ካሜራ

ቃል ሰጪ፦ ሁለተኛ ምስክር
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ከነዳጅ ማደያው ማዶ፣ በእግረኛ መሻገሪያው ፊት ለፊት
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ በምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በፖሊስ ካሜራ ላይ ደርሷል ስለተባለው ጉዳት
ምስክሯ ቃላቸውን በራሳቸው እጅ ለመጻፍ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

እኔ ሥራዬና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እጽፋለሁ። እጄ ቶሎ አይጽፍም፤ መርማሪው በትዕግሥት እንዲጠብቁኝ ለምኛቸዋለሁ።

በቁጥጥር ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አውቀዋለሁ። ጎረቤቴ ነው፤ የጥገና ሱቁ ከማጠቢያ ቤቴ አጠገብ ነው፤ ከቁመቱ የተነሣ ሰፈሩ «ቀጭኔ» ይለዋል። ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያ ያልከፈሉ ሾፌሮች ገንዘብ ሰጥተውት ካሜራውን አበላሸ ተብሎ መያዙን ሰምቼ ነው በራሴ እግር የመጣሁት። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ሴት ልጄ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትመለስ በማጠቢያ ቤቴ ፊት ለፊት ባለው መሻገሪያ ላይ መኪና ገጭቷት ሳይቆም ሄደ። ልጄ እዚያው ሞተች። ሰሌዳውን ያየ ሰው አልተገኘም። አንዱ ነጭ መኪና ነው አለ፣ ሌላው ግራጫ ነው አለ፤ መዝገቡ በዚሁ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ምዝገባ ክፍያ ላይ ጭማሪ መጣ። ጭማሪው ሰሌዳ የሚያነብ የፖሊስ ካሜራ መግዣ ነው ተባለ። ልብስ የማደርስባት አሮጌ መኪና ስላለችኝ እኔንም ደረሰኝ። ሾፌሮቹ ሲያጉረመርሙ እኔ አላጉረመረምኩም፤ በምዝገባ ቢሮ መስኮት ያለችው ገንዘብ ተቀባይ የመጀመሪያው ካሜራ ልጄ በሞተችበት መሻገሪያ እንደሚተከል ነግራኝ ነበር። «እማማ፣ ከእንግዲህ ገጭቶ የሚያመልጥ አይኖርም» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ምሰሶው እንደተባለው መሻገሪያው አጠገብ ተተከለ። ካሜራው ግን ጀርባውን ለመሻገሪያው ሰጥቶ ወደ ማደያው ተመለከተ። የተከለውን ባለሙያ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ መኪና ሁሉ ነዳጅ መቅዳቱ ስለማይቀር ምዝገባ ያላደሰ የሚያዘው እዚያ ነው፣ ትእዛዙም ይኸው ነው አለኝ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ለኃላፊው አመለከትኩ። ኃላፊው በአክብሮት አስቀምጠው አዳመጡኝ፤ ይኼኛው በሚያስገባው ገንዘብ ሁለተኛ ካሜራ ሲገዛ መሻገሪያውን እንዲያይ እንደሚደረግ ነገሩኝ። መቼ ይሆናል ብዬ ብጠይቅ አላውቅም አሉ። እውነቱን ስለነገሩኝ አልተቀየምኳቸውም።

ቀጭኔን ካሜራውን እንዲያዞርልኝ ሁለት ጊዜ ለመንኩት። ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለኝ። «እትዬ፣ ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ። የመንግሥት ዕቃ ነክቼ ብታሰር ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» አለኝ። ልክ ነው ብዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እሱ ሱቁ ውስጥ አቀርቅሮ ሲሠራ፣ በሩ ላይ የተደገፈውን መሰላል ሳልጠይቀው ወሰድኩ። ምሰሶው ላይ አስደግፌ፣ የማጠቢያ ቤቴን መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ሐሳቤ ካሜራውን በመጥረጊያው እንጨት ገፍቼ ማዞር ነበር። አልተነቃነቀም። ማደያው ላይ የተሰለፉት ሾፌሮች ከመኪናቸው ወርደው ያዩኝ ጀመር። አንዱ «እማማ፣ የሸረሪት ድር እየጠረጉ ነው?» አለ። ሌላው «ተዋቸው፣ የከፈሉበትን እያጸዱ ነው» አለው። መሰላሉን የያዘልኝ ግን አልነበረም።

ቀጭኔ ከሱቁ እየሮጠ መጥቶ የመሰላሉን እግር ያዘ።

«እትዬ፣ ይውረዱ» አለኝ።

«ሳይዞር አልወርድም።»

«በመጥረጊያ አይዞርም፣ ብሎን አለው።»

«እንግዲያው መፍቻውን አቀብለኝ» አልኩት።

መጥረጊያውን አንሥቼ እንደገና ስገፋ መሰላሉ ተወዛወዘ። መሰላሉን አጥብቆ ይዞ «ይውረዱ፣ እኔ አዞረዋለሁ። የእርስዎንም ሬሳ ከዚህ አስፋልት አላነሣም» አለ። ልጄ የሞተች ዕለት ከአስፋልቱ ያነሣት እሱ ነበር።

ወረድኩ፤ እሱ ወጣ። ሾፌሮቹ «ቀጭኔ፣ ለአንተ መሰላል ምን ያደርግልሃል?» እያሉ ሲያሾፉበት አልመለሰላቸውም። ብሎኑን አላልቶ ካሜራውን ወደ መሻገሪያው አዞረና መልሶ አጠበቀው። ሽቦ አልቆረጠም፤ መስታወቱንም አልነካም። ከወረደ በኋላ የካሜራው ትንሽ መብራት እንደበራች አይቻለሁ። ከሾፌሮቹ ገንዘብ አልተቀበለም። ከእኔም አልተቀበለም።

መርማሪው ካሜራው የመንግሥት ንብረት መሆኑን አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አውቃለሁ። ይህን ቃል ብሰጥ የቀጭኔ ጉዳይ እንደሚቀል፣ በእኔ ላይ ግን አዲስ መዝገብ እንደሚከፈት ነገሩኝ። ይከፈት አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ካሜራው ተመልሶ ወደ ማደያው ዞሯል። እኔ ካሜራውንም ክፍያውንም አልጠላሁም፤ ዘንድሮም እከፍላለሁ። ሰው በሚሞትበት በኩል እንዲያይ ብቻ ነው የምጠይቀው።

የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ ያደረግሁትን ነው፤ የጨመርኩበትም የደበቅኩትም የለም። መርማሪው ጮክ ብለው አንብበውልኝ፣ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አጽንቻለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ «ካሜራውን ዳግመኛ አልነካም» የሚል የግዴታ ወረቀት ቀርቦላቸው አንብበው ሳይፈርሙ መልሰዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁ «አሁን እውነቱን ጽፌ ጨረስኩ፤ በላዩ ላይ ውሸት አልፈርምም» ብለዋል።